የልብ ነገር ሲነሳ አጥንት ውስጥ ያለው እርሳስም ይነሳ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከማረጥ በኋላ ስለሚወሰድ ሆርሞንና ስለ ልብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደህና ተሠርቷል፤ ግን ስለ መርዛማ ብረቶች አንድ መስመር እንኳን የለውም። እርሳስ የለም፣ ካድሚየም የለም፣ አርሴኒክ የለም። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እርሳስ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው የሕፃናትን አእምሮ ነው። እውነት ነው፣ ይጎዳል። የትልቅ ሰው ልብ ግን ተረስቷል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ በፈረንጆች ናቸው) ባወጣው ሳይንሳዊ መግለጫ ሦስቱም ብረቶች ለልብና ለደም ሥር በሽታ እንደሚያጋልጡ በግልጽ ተናግሯል። ከዚያ በፊት በ2018 ከ14 ሺህ በላይ አሜሪካውያን አዋቂዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ እዚያ አገር በየዓመቱ 256 ሺህ ገደማ የልብና የደም ሥር ሞት ከእርሳስ ጋር እንደሚያያዝ ገምቶ ነበር። ይሄን ያህል ቁጥር እያለ ስለ ጨውና ስለ ቅባት ብቻ ስናወራ መኖራችን ያናድደኛል።

አሁን ወደ ማረጥ ልምጣ። ሰውነት እርሳስን እንደ ካልሲየም ስለሚቆጥረው አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል። በአዋቂ ሰው ገላ ውስጥ ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ያለው እዚያ ነው፣ ለአሥርት ዓመታትም ይቆያል። አጥንት ደግሞ ሁሌም ሥራ ላይ ነው፤ አሮጌውን የሚቦረቡሩ ሴሎች አሉ፣ አዲሱን የሚገነቡ አሉ፣ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ደግሞ የቦርቧሪዎቹን እጅ ይይዛል። የወር አበባ ሲቋረጥ ኢስትሮጅን ይወርዳል፣ ቦርቧሪዎቹ ይበረታሉ፣ አጥንቱ ሲሟሟ ከካልሲየሙ ጋር በወጣትነት የገባው እርሳስ እንደገና ደም ውስጥ ይገባል። ያረጡ ሴቶች ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ከፍ እንደሚል ከ1980ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው።

ጊዜውን ልብ በሉልኝ። የሴት ልጅ ደም ሥር የኢስትሮጅንን ድጋፍ የሚያጣበት፣ ግፊትም ከፍ ማለት የሚጀምርበት ወቅት ነው። እርሳሱ ደግሞ ደም ሥርን የሚያላላውን ናይትሪክ ኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ግፊቱን ይጨምራል። በዚያ ላይ ዛሬ ሃምሳና ስድሳ ዓመት የሞላን ሰዎች ልጅነታችን ያለፈው እርሳስ ያለበት ቤንዚን በሚነድበት ዘመን ነው። ያ ቤንዚን ለመኪና መሸጡ ከዓለም ላይ ጨርሶ ያበቃው በ2021 ነው፤ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ነበረች።

ካድሚየምም አለ። ከሲጋራ ጭስ ይገባል፣ ኩላሊት ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፣ በቤተ ሙከራ ሲታይ ደግሞ እንደ ኢስትሮጅን ሆኖ ይሠራል። በ2024 የታተመ ጥናት ሽንታቸው ውስጥ እነዚህን የመሰሉ ብረቶች በብዛት የተገኙባቸው መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች የእንቁላል ክምችታቸው አነስተኛ ሆኖ እንደተገኘ አሳይቷል። እንግዲህ ብረቱና ሆርሞኑ ተለያይተው የሚጠኑበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ሆርሞን ሕክምናው ራሱ የጻፋችሁት ላይ ብዙም ጠብ የለኝም። የሆርሞኑ ጉዳት ከጥቅሙ በለጠ ተብሎ በ2002 የቆመው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት 16,608 ሴቶች ነበሩበት፣ አማካይ ዕድሜያቸው ግን 63 ነበር፤ ብዙዎቹ ካረጡ ቆይተዋል። በ2016 የወጣው ሌላ ጥናት ኢስትሮጅን ካረጡ 6 ዓመት ባልሞላቸው ሴቶች ላይ የአንገት ደም ሥር ግድግዳ መወፈርን ሲያዘገይ፣ 10 ዓመት ካለፋቸው ላይ ለውጥ እንደሌለው አሳየ። ስለዚህ መቼ ተጀመረ የሚለው ወሳኝ ነው። ወንዶችም ቢሆኑ ቴስቶስተሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን ሲወስዱ ይጠንቀቁ፤ በ2023 የወጣው ትልቅ ጥናት የልብ ድንገተኛ ሕመምና ስትሮክ አልጨመረም ቢልም፣ የልብ ምት መዛባትና ሳንባ ውስጥ የደም መርጋት ግን በዝተው ታይተዋል።

አደራ፣ ይህን ያነበበች ሴት እርሳስ እንዳይወጣብኝ ብላ በራሷ ሆርሞን እንዳትጀምር። ሆርሞን አጥንት እንዳይሟሟ ይረዳል፣ ግን እርሳስን ለመከላከል ተብሎ የሚታዘዝ አይደለም፤ ልብን ለመከላከል ብቻ ተብሎ እንዲወሰድ አይመከርም። በአፍ የሚዋጠው የደም መርጋትን ይጨምራል፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው በዚህ በኩል የተሻለ ነው የሚመስለው። ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ መወሰን ነው።

"ብረት እናወጣላችኋለን" ለሚሉትም እንዲሁ አትቸኩሉ። ብረትን በደም ሥር በጠብታ በሚሰጥ መድኃኒት ማስወጣት፣ ኬሌሽን የሚባለው፣ በ2013 ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ 1,708 የልብ ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ አደጋውን በ18 በመቶ ቀንሷል ተባለ። ከዚያ 1,000 የስኳርና የልብ ሕመምተኞች ላይ ተደገመ። ውጤቱ በ2024 ሲወጣ በደም ውስጥ ያለው እርሳስ በ61 በመቶ ወርዷል፣ ልባቸው ግን አልተጠቀመም። ከገባ በኋላ ማውጣቱ እንዲህ ከሆነ፣ ዋናው ሥራ መጀመሪያውኑ እንዳይገባ ማድረግ ነው ባይ ነኝ።

እኔ ካረጥኩ በኋላ ግፊቴ ጨምሮ ያልሄድኩበት ሐኪም የለም። ታጨሻለሽ? አላጨስም። ቤተሰብ ውስጥ አለ? የለም። ጨው ትቀንሻለሽ? እሺ። ምን ሥራ ነበር የምትሠሪው ያለኝ ግን አንድም የለም። የባትሪ ሥራ፣ ብየዳ፣ አሮጌ ቀለም መፋቅ፣ የጉድጓድ ውኃ፣ እነዚህን መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

እባካችሁ በሚቀጥለው ዓምዳችሁ የልብ ሐኪምና የማኅፀን ሐኪም አብራችሁ አስቀምጡና ይህንኑ ጠይቁልን። መልሳቸውን ለማንበብ እጠብቃለሁ።

ከአንባቢያችሁ