ከማሽኑ በፊት ሞርሳውን፦ ደብዳቤ ለልጄ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ውድ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እናትሽ በርበሬሽን አስፈጭታ ወደ ሐዋሳ የሚወርድ መንገደኛ እየጠበቀች ነው።

ለእንጨት ሥራሽ ልትገዢ አስበሽ የላክሽልኝን የዕቃ ዝርዝር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የመጋዝ ማሽን አለበት፣ የመላጊያ ማሽን አለበት፣ መሰርሰሪያ አለበት። ሁሉም የሚቆርጥ፣ የሚልግ ወይም የሚበሳ ነው። እንጨቱን አጥብቆ የሚይዝ አንድም ዕቃ አላየሁበትም። እኔም በአንቺ ዕድሜ እንዲሁ ነበርኩ፤ ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ሥራ ስጀምር ሞርሳ፣ ማለትም እንጨቱን በሁለት መንጋጋ ጨብጦ የሚይዘው ብረት፣ አልነበረኝም። እንጨቱን በርጩማ ላይ አጋድሜ በግራ ጉልበቴ እየተጫንኩ ነበር የምቆርጠው። ረጅም ጣውላ ሲሆን አንቺ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ሌላውን ጫፍ ትይዢልኝ ነበር። ዩኒፎርምሽ ሰጋቱራ ለብሶ እናትሽ ሁለታችንንም ስትቆጣ ታስታውሻለሽ። አራተኛ ክፍል ሳለሽ አንድ ቀን ጣውላው ተንሸራተተና መጋዙ ከጣቶችሽ አጠገብ አለፈ። አልነካሽም። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። በማግስቱ ምናለሽ ተራ ወርጄ ከአሮጌ ብረት መሐል ዝገት የበላው ሞርሳ ገዛሁ፤ በናፍጣ አጥቤ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ ጠረጴዛው ላይ አሰርኩት።

የገዛሁት አንቺን ከመጋዙ ለማራቅ ብቻ ነበር። ለሥራው ይህን ያህል ያስፈልገኛል ብዬ ፈጽሞ አላሰብኩም። ሳምንት ሳይሞላ ግን ሁለቱም እጆቼ ለሥራ መዋል ጀመሩ። አቆራረጤ ይጣመም የነበረው እጄ ስላልሠለጠነ ሳይሆን እንጨቱ ስለሚንቀሳቀስ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። መሮውን በአንድ እጄ እየመራሁ በሌላው መግፋት ቻልኩ። መጋዝ ስስል፣ ብረት ሳጥፍ፣ የነከሰ ብሎን ስፈታ ሁሉ ወደ ሞርሳው ነው የምሄደው። «አባዬ፣ ከእንግዲህ እኔ አልይዝልህም?» ብለሽ የጠየቅሽኝን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አዝነሽ ነበር። እኔ ደግሞ የቤት ሥራሽን በብርሃን መጨረስ በመቻልሽ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያን ቀን በደንብ አልነገርኩሽም።

ሁለተኛው ክላምፕ ነው፤ እኛ የእጅ ሞርሳ የምንለው። ቢያንስ አራት፣ ከቻልሽ ስድስት ግዢ። እኔ ለዓመታት የተጣበቀ ሥራ ላይ ድንጋይ እጭን ነበር፤ ድንጋይ ግን ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን አይጫንም። ነጭ የእንጨት ኮላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተጠብቆ መያዝ አለበት፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ደግሞ ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። የጠረጴዛ ገጽ ስታጣብቂ ክላምፖቹን አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች እያፈራረቅሽ እሰሪ፤ ሁሉንም በአንድ በኩል ካደረግሽ ገጹ ይጎብጣል። መሳቢያ ከሆነ ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም ሰያፍ ለኪ። ካልተስተካከሉ ኮላው ሳይደርቅ በረጅሙ ሰያፍ በኩል ክላምፕ አስገብተሽ ጠበቅ አድርጊው፤ ይመለሳል። ክላምፕ ለማይዘው ክብ ሥራ የአሮጌ ከመነዳሪ ጎማ በሦስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ቀደሽ ጠምጥሚበት። ከዚያ የሚሻል ነገር እስካሁን አላገኘሁም።

ሦስተኛዋ የእንጨት እርጥበት መለኪያ ናት። የእኔዋን አጎትሽ ከጀርመን ይዞልኝ ሲመጣ ሳጥኗን ሳልከፍት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት። ጣውላን በእጄ መዝኜ፣ በጣቴ አንኳኩቼ ድርቀቱን አውቃለሁ ብዬ አምን ነበር። ከዚያ ለሙሽሮች የዋንዛ ቁም ሳጥን ሠርቼ ነሐሴ ላይ አስረከብኩ። እንጨቱን የሸጠልኝ ሰው ሁለት ዓመት የደረቀ ነው ብሎኝ ነበር። የካቲት ላይ ሙሽራው መጣ፤ የበሩ ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። እንጨት ሲደርቅ ቁመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ ወርዱ ግን ይኮማተራል። እኔ ደግሞ ሰሌዳውን ዙሪያውን በኮላ አስሬው ስለነበር መሄጃ ሲያጣ ተቀደደ። ሙሽራው አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረኝ። በሩን በራሴ ወጪ እንደገና ሠራሁ፤ በዚህኛው ሰሌዳውን ያለ ኮላ በቦዩ ውስጥ ብቻ አስገባሁት።

በዚያው ሳምንት ከዚያው እንጨት ሻጭ ሌላ ጭነት መጣ። ያን ጊዜ ነው ሳጥኗን የከፈትኩት። እርጥብ እንጨት ከደረቅ ይልቅ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ መለኪያዋም ሁለቱን መርፌዎቿን እንጨቱ ላይ ስትተክዪ የእርጥበቱን መጠን በመቶኛ ትነግርሻለች። 24 አለች። ጭነቱን ሳላራግፍ መለስኩት። ለቤት ውስጥ ዕቃ ከ12 በመቶ በላይ እርጥበት ያለውን ጣውላ አትንኪ፤ ደርድረሽ፣ በየመሐሉ ቀጭን እንጨት አስገብተሽ አየር እንዲያገኝ አድርጊና ጠብቂው። ስትለኪም ጫፉን ሳይሆን መሐሉን ይሁን፤ ጫፍ ቀድሞ ስለሚደርቅ ያታልላል።

ስኳድራ፣ ማለትም የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ፣ ስትገዢ ሱቁ ውስጥ እርሳስና ቀጥ ያለ ጣውላ ይዘሽ ግቢ። አንድ መስመር አስምሪ፣ ስኳድራውን ገልብጠሽ እዚያው ላይ ድገሚ። ሁለቱ መስመሮች ካልገጠሙ አትውሰጂው። መሳያ ድንጋይም ጨምሪ፤ መሮሽን በ30 ዲግሪ አካባቢ በየጠዋቱ ሳዪው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል እንዳትዪኝ። የመላጊያ ማሽኑን ለስድስት ወር አቆዪው። ማሽን ያለው ጎረቤት በክፍያ ይልግልሻል። ሞርሳ ግን በየደቂቃው ተውሰሽ አትዘልቂውም።

የእኔን ሞርሳ በጆንያ ጠቅልዬ ረቡዕ በሚነሳው አውቶቡስ እልክልሻለሁ። ለእኔ አታስቢ፤ ሌላ አግኝቻለሁ። ስታስሪው የላይኛው ጫፉ ከክርንሽ ከፍታ ጋር እኩል ይሁን። የማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ከጠረጴዛው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ይበል፤ ያኔ ረጅም ጣውላ ወደ ታች ቁሞ ይያዝልሻል። ለመንጋጋዎቹ ከዋንዛ ሁለት ልባጭ ሠርቼላቸዋለሁ፤ ሥራሽን እንዳያቆስሉት። ጥርሱን በወር አንድ ጊዜ ጥረጊና ግራሶ ቀቢው። የድሮዎቹ ብሎኖች ተበልተው ስለነበር አራቱንም ቀይሬያቸዋለሁ፤ አዲሶቹን ከጆንያው ሥር በእናትሽ ነጠላ ቁራጭ ታስረው ታገኚያቸዋለሽ።

አባትሽ