ጉዳዩ፦ ከንድፉ ውጪ ተሠርቶ ስለተላከልን ካም የቀረበ ቅሬታ

ለማሽን መለዋወጫ አምራች ድርጅቱ
ለቴክኒክ ክፍል ኃላፊ

ለማሸጊያ ማሽናችን ባዘዝነው ካም (እየዞረ ዘንግ ወደ ላይ የሚያነሳ ቅርጽ ያለው ብረት) ንድፍ ላይ የመሠረታዊው ክብ ሬዲየስ፣ ማለትም ዘንጉ ገና ሳይነሳ ካሙ ያለው ትንሹ ሬዲየስ፣ 50 ሚሊ ሜትር ተብሎ ተጽፏል። የደረሰን ግን 20 ሚሊ ሜትር ነው። ያለ እኛ ፈቃድ ለምን እንደተቀየረ ስንጠይቅ «ዘንጉ የሚነሳው ያው 20 ሚሊ ሜትር፣ የሚነሳውም በዚያው 60 ዲግሪ ዙር ነው፤ ብረትና ቦታ ቆጠብንላችሁ» የሚል መልስ ተሰጠን።

ይህን መልስ ልቀበለው አልችልም። የዘንጉ ጉዞ ያው ቢሆንም፣ ክቡ ሲያንስ የካሙ ዳገት ይበልጥ ቀጥ ስለሚል የሚገፋበት አቅጣጫ ተለውጧል። በንድፋችን መሠረት፣ በሳይክሎይዳል እንቅስቃሴ (ቀስ ብሎ ጀምሮ ቀስ ብሎ በሚያበቃ አነሳስ)ና 10 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ባለው ሮለር (ካሙ ላይ በሚንከባለለው የዘንጉ ጎማ) ሲሰላ፣ ከፍተኛው የግፊት ማዕዘን፣ ማለትም ካሙ የሚገፋበት አቅጣጫ ዘንጉ ከሚጓዝበት መስመር የሚያዘነብልበት ማዕዘን፣ 29 ዲግሪ ገደማ ነው። ቀጥ ብሎ ለሚወጣና ለሚወርድ ዘንግ በሙያው የተለመደው ወሰን 30 ዲግሪ በመሆኑ 50 ሚሊ ሜትርን የመረጥነው አስበንበት ነው። በእናንተ ካም ማዕዘኑ ከ44 ዲግሪ ያልፋል። ዘንጉን ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ወደ ላይ ከሚያነሳው ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም፤ በንድፋችን ግን ከግማሹ ጥቂት ቢበልጥ ነው።

ቡሹን (ዘንጉ ውስጡ የሚንሸራተትበትን ቱቦ) ነቅለን አይተነዋል። ከታች በስተቀኝ፣ ከላይ ደግሞ በስተግራ ተበልቷል፤ ዘንጉ እየተጋደመ እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። በግራሶው ውስጥ የነሐስ ብናኝ ያብረቀርቃል። መጀመሪያ ግራሶ እንድንጨምር ነገራችሁን፣ ጨመርን። ቀጥሎ ጠንካራ ቡሽ ላካችሁልን፣ ቀየርን። ግራሶም ሆነ ቡሽ ማዕዘን አይቀንስም። በመጨረሻ ዘንጉ በመነሳት ላይ ሳለ መሃል ላይ ተነክሶ ቀረና ማሽኑ ቆመ። ሠራተኛዋ ፈጥና ባታጠፋው ኖሮ ጉዳቱ በዚህ ባላበቃ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ያስቆጣኝም ይኸው ነው።

ባለሙያችሁ በስልክ ዘንጉን ከካሙ መሃል ጥቂት ወደ ጎን እንድናሸሸው መክረውኛል። ይህ ሲነሳ ያለውን ማዕዘን ቢቀንስም ሲመለስ ያለውን ያሰፋዋል፤ ደግሞም የማሽኑን አካል እንደገና መብሳት ይጠይቃል። ትልቁ ካም በቦታው እንደሚገባ ከማዘዛችን በፊት ለክተናል።

ስለዚህ በንድፉ ልክ፣ በ50 ሚሊ ሜትር፣ አዲስ ካም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሠርታችሁ እንድትልኩልን፣ የተበላሹትን ዘንግና ቡሾች እንድትተኩልን፣ ከካሙም ጋር የግፊት ማዕዘኑን ስሌት በጽሑፍ እንድታያይዙልን አጥብቄ እጠይቃለሁ። እስከዚያው ማሽኑን አናስነሳውም።

ከማክበር ጋር
የጥገና ክፍል ኃላፊ