የ10 ሚሊሰከንድ ሂሳብ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የኮምፒውተር እድገት በተነሳ ቁጥር የኪስ ስልካችን ድሮ ክፍል ይሞላ የነበረውን ማሽን ስንት እጥፍ እንደሚያስከነዳ ይጻፋል። ልክ ነው። ሆኖም የድሮው ማሽን ሥራው የሚጓተተው በሂሳብ አልነበረም።

በፈረንጆቹ 1959 የወጣውን አይቢኤም 1401 ኮምፒውተር እንውሰድ። ሜሞሪው ቢበዛ 16 ሺህ ምልክት ይይዛል፤ ይህን የሚያህል ደብዳቤ አሥር ያህል ቢይዝ ነው። (በአማርኛ ግን አይሆንም፤ በአንድ ቦታ የሚለየው 64 ምልክት ብቻ ስለሆነ ገና ከፊደል ገበታው አጋማሽ ሳንደርስ ያልቅበታል።) ሜሞሪው በሽቦ የተሰኩ ደቃቅ የማግኔት ቀለበቶች ነው። ቀለበቱ ሲነበብ የያዘው ይጠፋል፤ ስለዚህ ማሽኑ ያነበበውን ወዲያው መልሶ ይጽፋል። ንባቡም ጽሕፈቱም በ11.5 ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ያልቃል።

ጉዱ ካርዱ ላይ ነው፤ ካርድ ማለት መረጃ በቀዳዳ የሚጻፍበት ወፍራም ወረቀት ነው፣ በአንዱ ዓምድ አንድ ምልክት ይበሳል። ማንበቢያው በደቂቃ 800 ካርድ ይስባል፤ ለአንዱ 75 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺሕኛ) ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 65ቱ በመሳብና በማንበብ ያልቃል፣ ለፕሮግራሙ የሚተርፈው 10 ብቻ ነው። ባለአምስት አኃዝ ሁለት ቁጥሮችን መደመር 230 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል፤ ስለዚህ በዚያች ክፍተት የሚገባው 43 ድምር ነው። ፕሮግራሙ ትንሽ እንኳ ካሳለፈ የማንበቢያው ክላች (ካርድ መሳቢያውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው) ያመልጠዋል፣ አንድ ሙሉ ዙር ይጠብቃል፣ 800ው ወደ 400 ይወርዳል። አንዲት ትርፍ ትእዛዝ የሌሊቱን ሥራ እጥፍ ልታደርገው ትችላለች። የዚያ ዘመን ፕሮግራመር እያንዳንዱን ትእዛዝ በጊዜ የሚቆጥረው ለዚህ ነበር።

ካርዶቹ ከመግባታቸው በፊት ደግሞ ይደረደራሉ። መደርደሪያው በአንድ ዙር የሚያየው አንድ ዓምድ ነው፤ ባለአምስት አኃዝ የሠራተኛ ቁጥር ከቀኝ ወደ ግራ አምስት ዙር ይጠይቃል። በደቂቃ 1,000 ካርድ በሚሄደው ማሽን 10,000 ካርድ 50 ደቂቃ ይወስዳል፣ ያውም እጅ የሚያነሳበት ጊዜ ሳይቆጠር። በመካከል አንዱ ክምር ቦታው ከተዛወረ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። እርጥበት የነካው ካርድ ያብጥና ይሰነቀራል፤ ጠርዙ የተበላም እንዲሁ። ክምሩ መሬት ላይ ከተበተነ ደግሞ ከ73ኛው እስከ 80ኛው ዓምድ የተበሳው ተራ ቁጥር ነው የሚያድነው። ያን ለመብሳት የሰነፉ ሰዎች በካርዶቹ አናት ላይ በእስክሪብቶ ሰያፍ መስመር ያሰምሩ ነበር፤ ብልሃቱ ከምንም ይሻላል።

ማተሚያውም በደቂቃ 600 መስመር ነው። ለ10,000 ሠራተኛ ባለአሥር መስመር የደመወዝ ወረቀት ማተም ሁለት ሰዓት ከ47 ደቂቃ ይፈጃል። የዛሬው ስልክ አንጎል ቢገጠምለት እንኳ ያው ሁለት ሰዓት ከ47 ደቂቃ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ