ሰሞንህን ለይ፤ ለቄሱ ልጄ

ጎንደር፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ይህን በስልክ ብነግርህ «እሺ እማዬ» ብለህ እንደምትዘጋው ስለማውቅ ቁጭ ብሎ መጻፍን መረጥሁ። ባየሁህ ቁጥር መስቀልህን እሳለማለሁ፤ ይህ ደብዳቤ ግን የተጻፈው ላሳደግሁት ልጅ እንጂ ለቄሱ አይደለም።

ለጥምቀት ከነቤተሰብህ መጥተህ በሰነበትክባቸው ቀናት ያየሁትን ሳብሰለስል ከረምሁ። ጥር 10 ቀን ታቦቱን አጅበህ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ወረድክ፤ ሌሊቱን በማኅሌት ቆመህ አደርክ፤ ወደ ቤት ስትመለስም ጎንህን እንኳ ሳታሳርፍ ላፕቶፕህን በመሶቡ ክዳን ላይ ዘርግተህ ለአማካሪህ የምትልከውን የዲግሪ ጥናትህን ምዕራፍ ማረም ጀመርክ። ልጆቹ በዝርግ ሳህን በሉ። መሶብ የጽሕፈት ጠረጴዛ ሲሆን በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ነው። ምራቴ ምንም አላለችም፤ ያ ዝምታ ግን ለእኔ እንግዳ አይደለም፣ እኔም ብዙ ዓመት ዝም ብዬዋለሁና።

አባትህ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ቄስም ባለ ቅኔም እንደ ነበር ታውቃለህ። የማታውቀው፣ በአንድ የኅዳር ጽዮን ዋዜማ ታናሽ እኅትህ በትኩሳት ስትቃጠል እርሱ ማኅሌት ላይ እንደ ነበረ ነው። ጎረቤት ደግፎኝ ሐኪም ቤት አድርሻት ስመለስ ሌሊቱ ነግቶ ነበር። በዚያች ሌሊት የተቀኘው ባለ 8 ቤት መወድስ ሊቃውንቱን እጅግ አስደንቆ ኖሮ ለሳምንት ያህል በየደጁ ሲወራ ሰማሁ፤ እኔ ግን አንድም ቀን ድገምልኝ አላልሁትም፣ እርሱም አልደገመልኝም። ቅኔ ለዕለቱ ተቆጥሮ፣ ማለትም በልብ ተደርሶ፣ ከዕለቱ ጋር የሚያልፍ ነውና ዛሬ የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲያ አባትህ አንድ ነገር አደረገ። ተስካር፣ ማኅበር፣ ክርስትና ብለው ሲጠሩት፣ ተራው ካልሆነ «ሰሞነኛው ሌላ ነው» ብሎ ይመልስ ጀመር። ኮራ ተብሎ ታምቷል፤ እኔም ሳልደብቅህ በሐሜቱ ተሳቅቄ ነበር። ነገሩን ያስተዋልሁት በኋላ ነው። አባቶቻችን ባወጡት ሥርዓት ሰሞነኛው ካህን ሳምንቱን ሙሉ ለመቅደሱ ይሰጣል፣ ከሚስቱም ተለይቶ ይሰነብታል፤ ሲጨርስ ለተረኛው አስረክቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንዱን ቀን አራት ቦታ ቆርሶ ለእያንዳንዱ ፍርፋሪ አያድልም። አንተ የምታደርገው ግን ይኸንኑ ነው፤ ለዚህም ነው በቅዳሴው ምዕራፉን፣ በምዕራፉ ልጆቹን የምታስበው።

ስለዚህ በሰሞንህ የምርምሩን ወረቀት አትንካ፤ ከሰሞንህ ውጭ ባሉት ሳምንታት ደግሞ ለጥናቱ የወሰንኸውን ሰዓት ለማንም አትስጥ። ቅዳሴ በ5 ልዑካን ይቀደሳል፤ አምስተኛው ሁልጊዜ አንተ እንድትሆን ያዘዘህ ማነው? በሞት አፋፍ ላይ ያለ የንስሐ ልጅ ቢያስጠራህ ግን መጽሐፉንም ማዕዱንም ትተህ ሂድ፣ ይህ ቀጠሮ የለውም። የላይ ቤትንና የታች ቤትን አቋቋም፣ ሁለቱን የማኅሌት ስልቶች፣ የምታነጻጽርበት ጽሑፍ አንድ ዓመት ቢዘገይ መሪጌቶቹ ዝማሜያቸውን አያቋርጡም፤ ትንሹ ልጅህ ግን ዘንድሮ የሚጠይቅህን ከርሞ አይጠይቅህም። ለነገሩ ቅስናው ራሱ የመጣልህ ከተክሊልህ በኋላ ነው፤ ቤቱን ማስተዳደር የማያውቅ የእግዚአብሔርን ቤት እንዴት ይጠብቃል የሚለውንም (1ኛ ጢሞ. 3፥5) ለሰው ስታስተምረው ሰምቼሃለሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን ከአንተ ጋር አልስማማም። «ዲግሪው እስኪያልቅ ቅኔውን ትቼዋለሁ» ያልኸኝ ከልብህ ከሆነ ተሳስተሃል። ቅኔ ጠረጴዛም መብራትም አይፈልግም። የቅኔ ተማሪ ዛፍ ሥር ሲቆጥር ውሎ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ አንተም ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሰህ ስትመለስ ባለ 2 ቤት ጉባኤ ቃና ለመቁጠር የሚበቃ መንገድ አለህ። ሰምና ወርቁን የሚፈታልህ ሰው ብታጣ ወደ እኔ ደውል፤ ግእዙ ባይሰምርልኝም ማድመጥ አያቅተኝም።

ወደ አዲስ አበባ በሚወርድ ሰው እጅ በርበሬና ሽሮ ልኬያለሁ። ከሥሩ በፌስታል የተጠቀለለ የአባትህ ደብተር አለ፤ ከጓዳ ሳጥን ውስጥ ያገኘሁት ነው። የኅዳር ጽዮኑን መወድስ ፈለግሁት፣ አልጻፈውም። በርበሬውን ለምራቴ አስረክባት፤ ደብተሩን ግን ሰሞንህ ሲያልቅ ክፈተው።

እናትህ