የኪራይ ድጎማ ያለ ውል ለማን ይደርሳል?

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ቤት ኪራይ መወደድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደብረ ብርሃን ሆኜ አነበብኩት። መጨረሻው ላይ «መፍትሔው ብዙ ቤት መሥራት ብቻ ነው» ይላል። ብዙ ቤት መሠራቱን ማን ይጠላል? ቅር ያሰኘችኝ «ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት። ቤቱ እስኪሠራ ድረስ የእኔ ቢጤው ተከራይ የት ይደር? የሰፈሬን የጠባሴን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ እንደ ቅንጦት አያየውም።

አሥራ አራት ዓመት ተከራይቼ ኖሬያለሁ፤ ስድስት ግቢ ቀይሬያለሁ። ደላላ ቤት ሊያሳየኝ ሲወስደኝ መንገድ ላይ ቀድሞ የሚጠይቀኝ የመክፈል አቅሜን አይደለም፤ «ልጅ አለሽ እንዴ?» ነው። አለኝ ካልኩ ግማሹ በር ይዘጋል። የሚከፈተውም ከነሕጉ ነው፦ ምጣድ አይሰካም፣ እንግዳ አያድርም፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በር አይንኳኳም። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ከተከፈተ፣ ቢራ ፋብሪካዎቹ ከመጡ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2011 ከተመረቀ ወዲህ ፈላጊው በዝቷል። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ወገኖቻችንም ከመጠለያ ሲወጡ የሚፈልጉት እኛ የምንፈልገውን ያንኑ ርካሽ ጭቃ ቤት ነው።

አሁን ያለሁበት ሰርቪስ ቤት ባለቤት፣ እትዬ የምላቸው፣ ባለቤታቸው ሞተውባቸው በእሳቸው ጡረታና በእኔ ኪራይ የሚኖሩ እናት ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ልጄ ሲታመም ሌሊት ተነስተው ጤና አዳም ያመጡት እሳቸው ናቸው። ነገር ግን መስከረም 2018 ላይ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ከፍ ሲል፣ ገንዘቡ ገና ባንክ ሳይገባ «እሰይ፣ ተጨመረላችሁ አሉ!» ብለው በሬ ላይ ቆሙ። በሳምንቱ ኪራዩ በ500 ብር ጨመረ። ጤፉና ዘይቱ እሳቸውም ላይ ነውና የተወደደው፣ ምን ብዬ ልቆጣ? በመሥሪያ ቤታችን የምንከራየው ሁሉ ወሬያችን አንድ ነበር፦ ጭማሪው በእኛ በኩል አልፎ ሄደ።

ይህን የምጽፈው ግን መንግሥት ለተከራይ ድጎማ አይስጥ ለማለት አይደለም፤ ይስጥ ባይ ነኝ። «ድጎማ ከመጣ አከራዩ ያንኑ ያህል ይጨምራል» የሚሉት ሰዎች ልክ መሆናቸውን በራሴ ኪስ አይቼዋለሁ። ልክ የሚሆኑት ግን ውል እስከሌለ ድረስ ነው። እኔና እትዬ የተፈራረምነው ወረቀት የለም። ክፍያው በእጅ፣ ጭማሪው በአፍ፣ «ልቀቂ» የሚባለውም በአፍ ነው።

ሕጉ ግን አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ዕድሜው ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፤ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል፤ ጭማሪም ቢሆን በዓመት አንዴ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ነው። እኔ ለማጣራት ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ከመስኮት ወደ መስኮት ስባል ዋልኩ፤ በመጨረሻ አንዱ ወጣት «እህቴ፣ አከራይሽ ከፈቀዱ እኮ ችግር የለውም» አለኝ። አከራይ ከፈቀደማ አዋጅ ለምን አስፈለገ?

ስለ ድጎማ ሲነሳ አዲስ ነገር የሚመስላቸው ስላሉ አንድ ነገር ላስታውስ። እዚህ አገር ድጎማ ካለ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 በወጣው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ወር ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ሆነ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ዛሬም ድረስ በጣት የሚቆጠር ብር ነው። አንድ ባልደረባዬ በወር የሚከፍለው ማኪያቶ አይገዛም። ድጎማ ነው፤ ስሙ ግን ድጎማ አይባልም። የሚያገኘውም የባሰበት ሰው ሳይሆን አባቱ ወይም አያቱ በጊዜው ቀበሌ ቤት የገቡለት ነው። (ጣሪያው ማፍሰሱንና ኪራዩ ለቆርቆሮ እንደማይበቃ ባልደረባዬ ጻፊልኝ ብሎኛል፤ ይኸው ጻፍኩ።) እኔና እሱ ደመወዛችን እኩል፣ ወንበራችን ጎን ለጎን ነው። ወሩ ሲያልቅ ግን አንገናኝም።

የአክስቴ ልጅ ለንደን ከግለሰብ ተከራይታ ትኖራለች። እዚያ ገቢው ለማይበቃው ተከራይ መንግሥት የኪራዩን ከፊል ይከፍላል። በፈረንጆቹ 2008 በአገሪቱ ሁሉ በሥራ ላይ ባዋሉት አሠራር በየአካባቢው ያለውን ኪራይ ያጠኑና ለባለ አንድ መኝታ ይህን ያህል፣ ለባለ ሁለት ይህን ያህል ብለው ጣሪያ ያወጣሉ። መጀመሪያ ጣሪያው የኪራዩ መሐል ዋጋ ነበር፤ ከ2011 ወዲህ ርካሽ ከሆኑት 30 በመቶዎቹ ዋጋ ጋር እንዲሆን ዝቅ አደረጉት። ከዚያም ከ2016 እስከ 2020፣ እንደገናም እስከ 2024 ድረስ ጣሪያውን ባለበት አቆሙት። ኪራዩ ግን አልቆመም፤ ልዩነቱን ተከራዩ ከምግቡ ቀንሶ ከፈለ። «ድጎማ ተቀባይ አናከራይም» የሚል ማስታወቂያም የተለመደ ነበር፤ በ2020 ፍርድ ቤት አድሎ ነው፣ ሕገወጥ ነው እስኪል ድረስ። ልጅ ያላትን አናከራይም ከሚሉን በምን ይለያል? ይህን የማነሳው እነሱ ጋ ሁሉ ሰምሯል ለማለት አይደለም። አንድ ነገር ግን ደስ ይለኛል፦ ድጎማው የተቆራኘው እንደ ቀበሌ ቤት ከአንድ ቤት ጋር ሳይሆን ከተከራዩና ከገቢው ጋር ነው። ተከራዩ ቤት ሲቀይር ድጎማው አብሮት ይሄዳል።

እኛ ጋስ ከየት ይጀመር? እኔን ቢጠይቁኝ ከውሉ እላለሁ። የተመዘገበ ውል ላለው፣ ገቢው ከተወሰነ መጠን በታች ለሆነ ተከራይ፣ ኪራዩ በባንክ ለሚከፈል፣ ትንሽም ብትሆን የኪራይ ድጋፍ ይሰጥ። ችግረኛ ለመለየት ሴፍቲኔቱ በየሰፈሩ የለመደው አሠራር አለ፤ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። አከራዩ በውሉ ዘመን በዘፈቀደ መጨመር ስለማይችል ድጋፉ እትዬ ጋ አያልፍም፤ ተከራዩ ጋ ይቀራል።

እዚህ ላይ ግን እትዬን ሳላነሳ ብቀር ውሸታም እባላለሁ። አከራይ ውል የሚሸሸው ክፋት ስላለበት ብቻ አይደለም። የተመዘገበ ውል ማለት የኪራይ ገቢ ግብር ማለት ነው፤ ሠንጠረዥ «ለ» የሚሉት። አሥር በር ግቢ ሠርቶ የሚያከራየው ባለሀብት ይክፈል፣ ግድ የለኝም። በግቢዋ አንድ ወይም ሁለት ክፍል የምታከራይ ጡረተኛ ግን ውሉ እስካለ ድረስ ግብሩ ቢቀርላት መንግሥት ምን ያጣል? አሁንም አያገኘውም እኮ፤ በጓዳ ነው የሚያልፈው።

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ነገሩን ለእትዬ አነሳሁባቸው። ከተፈራረምን ሁለት ዓመት እኔም አልባረር፣ እርስዎም ባዶ ቤት ታቅፈው አይቀመጡ አልኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው ቆዩና «እንፈራረም ልጄ፣ እኔ ምን ቸገረኝ። ገቢዎች በሬን ያንኳኳል ወይ? እሱን ንገሪኝ» አሉኝ። ከእኔ ይልቅ እናንተ ብትጠይቁ ይመለስላችኋልና አንድ ጋዜጠኛ ላኩልን፦ አንድ ክፍል ብቻ የምታከራይ ጡረተኛ ውል ብታስመዘግብ በዓመት ስንት ትከፍላለች? መልሱን ካወጣችሁት ቆርጬ ወስጄ አነብላቸዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ