ከድልድዩ ላይ በምሽት ዓሣ ለምታጠምደው ልጄ

ለውድ ልጄ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። ከዳርቻው ተነሥቶ ወደ ባሕሩ ከገባው ድልድይ ላይ አንድ ምሽት ዓሣ ለማጥመድ እንዳሰብሽ ጽፈሽ፣ መቼ ብትሄጂና ምን ብትይዢ እንደሚሻል ስለ ጠየቅሽኝ ደስ ብሎኛል። ስለ ዕቃው ኋላ እመጣበታለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስለ ቦታው ልንገርሽ፤ ዘንጉ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ዓሣ ወደሌለበት ከተጣለ ምንም አይፈይድምና።

አዲስ ሰው ድልድይ ላይ ሲወጣ በቀጥታ እስከ ጫፉ ይሄድና መንጠቆውን ጉልበቱ እስከ ፈቀደለት አርቆ ይወረውራል። እኔ ይህን አልወደውም። ወለሉ አሸዋ በሆነ ባሕር ውስጥ ሕይወት የሚበዛው ራቅ ባለው ባዶ ወለል ላይ ሳይሆን ድልድዩን በተሸከሙት ምሶሶዎች ዙሪያ ነው። እንጨትም ሆነ ብረት ወይም ኮንክሪት ባሕር ውስጥ ጥቂት ሲቆይ አልጌ ይለብሳል፤ ዛጎል ለበስ እንስሳት ይጣበቁበታል፤ በእነርሱ መካከል ሸርጣኖችና ሽሪምፖች ይሸሸጋሉ፤ እነዚህን ለመልቀም ትንንሽ ዓሦች ይሰበሰባሉ፣ ትልልቆቹም ትንንሾቹን ተከትለው ይመጣሉ። በተጨማሪም የሚፈሰው ውኃ ከምሶሶው ጋር ሲጋጭ በስተጀርባው ጸጥ ያለ ስፍራ ስለሚፈጠር፣ ዓሣው ጉልበቱን ሳያባክን እዚያ ቆሞ ፍሰቱ የሚያመጣለትን ምግብ ይጠብቃል። ስለዚህ መጀመሪያ በውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን አረፋ ተመልክተሽ ፍሰቱ ወዴት እንደሚሄድ ለዪ፤ ከዚያም መንጠቆሽን ውኃው ከምሶሶዎቹ በሚወጣበት በኩል ቀጥ አድርገሽ ወደ ታች አውርጂው። አጠገብሽ ያለው ሰው ሩቅ እየወረወረ በትዝብት ቢያይሽ ግድ አይስጥሽ።

ሰዓቱን በሚመለከት፣ ምሽት መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ምሽቱ ከባሕሩ ሙላት ጋር የሚገናኝበትን ቀን መምረጥ አለብሽ። ባሕር በጨረቃና በፀሐይ ስበት ይሞላል፣ ይጎድላልም። በአብዛኛው የዓለም ዳርቻ ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ የሙላቱ ጊዜ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፤ በዚህ ስሌት ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ ሞልቶ ያየሽው ባሕር ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት ጎድሎ ይጠብቅሻል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፣ ግማሽ ስትሆን ደግሞ ይጠባል። ልዩነቱ በሜዲትራንያን ዳርቻዎች በአብዛኛው እምብዛም የማይታይ ሲሆን፣ በካናዳ በሚገኘው የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ግን እስከ 16 ሜትር ይደርሳል፤ ስለዚህ የምትመለከቺው የሙላትና የጉድለት ሰዓት ሰንጠረዥ የዚያው ያለሽበት ወደብ ይሁን። ከጉድለት እስከ ሙላት ባሉት 6 ሰዓታት ውስጥም ውኃው በእኩል ፍጥነት አይገባም፤ ከጠቅላላው ግማሽ ያህሉ የሚገባው በመካከለኞቹ 2 ሰዓታት ነው። እኔ የምመርጠው ፀሐይ ከጠለቀች ከ2 እስከ 3 ሰዓት በኋላ ባሕሩ ሞልቶ የሚያበቃበትን ምሽት ነው፤ እንዲህ ሲሆን ፍሰቱ ብርቱ የሆነበት ጊዜና የብርሃኑ መደብዘዝ ይገጣጠማሉ።

ብርሃኑ ሲደበዝዝ ዓሣ የሚነቃቃበት ምክንያት አለው። በቀን የሚመገቡ ትንንሽ ዓሦች ዓይናቸው ከብርሃን ወደ ጨለማ እስኪላመድ ጊዜ ይወስድበታል፤ በዚያ መካከል አዳኞቹ ከሥር ሆነው፣ ገና ብርሃን ባልለቀቀው ሰማይ ላይ የትንንሾቹን ጥላ እየለዩ ያጠቋቸዋል። ከመሸ በኋላ ደግሞ ቀኑን በጥልቁ ያሳለፉ ፕላንክተን የሚባሉ ደቃቃ ፍጥረታት ወደ ላይ ይወጣሉ። ድልድዩ መብራት ካለው ከመብራቱ ሥር ያለውን ውኃ ጎንበስ ብለሽ እዪው፤ በመጀመሪያ አቧራ የሚመስል ነገር በብርሃኑ ውስጥ ሲዋልል፣ ቀጥሎ ጣት የሚያህሉ ዓሦች እየተገለባበጡ ብልጭ ሲሉ ታያለሽ። ትልቁ ዓሣ ግን ብርሃኑ መካከል አይገባም፤ ብርሃንና ጥላ በሚገናኙበት መስመር ላይ በጥላው በኩል ሆኖ ያደባል። አንቺም መንጠቆሽን በጨለማው በኩል ጥለሽ ቀስ እያልሽ ወደዚያ መስመር ሳቢው። በግንባርሽ የምታስሪውን ባትሪ ለቋጠሮና ለመንጠቆ ብቻ ተጠቀሚበት እንጂ ውኃው ላይ አታብሪው፤ በድንገት የመጣ ብርሃን ዓሣውን ያስበረግገዋል።

ዕቃው ብዙ አይደለም። መካከለኛ ዘንግ፣ ጨው የሚቋቋም ክር መጠቅለያ፣ ውፍረቱ 0.35 ሚሊሜትር ያህል የሆነ ናይለን ክር፣ ጥቂት መንጠቆዎችና ከ60 እስከ 120 ግራም የሚመዝኑ ማስጠሚያዎች ይበቁሻል። ማስጠሚያውን የምትመርጪው እንደ ፍሰቱ ብርታት ነው፤ ወለሉን ይዞ ካልቆየና ውኃው ከጎተተው ከበድ ያለውን እሰሪ። ክር የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ በቋጠሮው ላይ ስለሆነ፣ ከማጥበቅሽ በፊት ቋጠሮውን በምራቅሽ አርጥቢው፤ ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በሰበቃ ይሞቅና ይዳከማል። ለማባበያ ከምሶሶው አካባቢ ከሚገኘው ነገር የሚሻል የለም፤ ትል፣ ሽሪምፕ ወይም በቀጭኑ የተቆረጠ ስኩዊድ የሚባል ለስላሳ የባሕር እንስሳ ይሆናል፤ የመንጠቆው ጫፍ ግን በማባበያው ሳይሸፈን በግልጽ ይውጣ።

ዘንግሽን አጥሩ ላይ አስደግፈሽ አትራቂ፤ ክሩን በአመልካች ጣትሽ ላይ አሳርፈሽ ያዢው። ማስጠሚያው ወለል ላይ ሲንከባለል የሚሰማሽ ደብዛዛና ተመሳሳይ የሆነ እንቅስቃሴ ነው። ዓሣ ሲነካው ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ያደርግና ለአፍታ ይተወዋል፤ ቀጥሎ ክሩ ወይ ይወጠራል፣ ወይ ደግሞ በድንገት ይላላል። መላላቱን ብዙዎች ዓሣው እንደ ሄደ ይቆጥሩታል፤ ዓሣው ግን ማባበያውን ይዞ ወደ አንቺ እየዋኘ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ጠቅልዪ። ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ መንጠቆ ከተጠቀምሽ ዘንጉን በኃይል መንጭቀሽ አትሳቢ፤ ዓሣው ሲዞር መንጠቆው ራሱ በአፉ ጥግ ላይ ይይዘዋል፣ ለመልቀቅም ቀላል ይሆናል።

ዓሣው ውኃ ውስጥ ሳለ ክብደቱን ባሕሩ ይሸከምለታል፤ ወደ አየር ሲወጣ ግን መላ ክብደቱ ከነመንፈራገጡ በቀጭኗ ክር ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከፍ ካለ ድልድይ ላይ በገመድ የሚወርድ ክብ መረብ ከሌለሽ ትልቁን ዓሣ ማውጣት ያስቸግርሻል። መረቡን አስቀድመሽ ውኃ ውስጥ አስገቢና ዓሣውን በላዩ ምሪው፤ መረቡን ይዘሽ ዓሣውን አታሳድጂው። ለመልቀቅ ካሰብሽ እጅሽን አርጥበሽ ያዢው፤ ደረቅ እጅ ዓሣውን ከበሽታ የሚጠብቀውን ዝልግልግ ሽፋን ይገፍፈዋል። መጠኑ ከተፈቀደው በታች ከሆነ ያለ ማመንታት መልሺው።

አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ፦ በጨለማ ያወጣሽውን ዓሣ በባትሪ ሳታዪ በእጅሽ አትንኪ። እንደ ጊንጥ ዓሣና አንበሳ ዓሣ ያሉት በጀርባቸው መርዛም እሾህ አላቸው፤ ስቲንግሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ደግሞ በጅራቱ ላይ። እንዲህ ያለው ቢወጋሽ የተወጋውን ቦታ ሊቻል በሚችል ሙቅ ውኃ፣ ይኸውም ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ ባልበለጠ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከር ሕመሙን ያስታግሠዋል፤ ሐኪም ዘንድ መሄድሽን ግን አይተካም። ብቻሽንም አትሂጂ፤ ድልድዩ ላይ ስትደርሺም የነፍስ አድን ቀለበቱ የት እንደ ተሰቀለ አስቀድመሽ እዪ። ማዕበሉ የድልድዩን ወለል እየመታ ከሆነ ወደ ቤትሽ ተመለሺ።

ስትጨርሺ የተቆረጠውን ክር ሁሉ ሰብስቢ፤ ናይለን ሳይበሰብስ ብዙ ዘመን ይቆያል፣ ወፎችንም ይጠልፋል። ዘንጉንና መጠቅለያውን በዚያው ምሽት ቀስ ብሎ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ እጠቢ፤ በኃይል የሚረጭ ውኃ ጨውን ወደ ውስጥ ይገፋዋልና። ስትጽፊልኝ ውኃው በየትኛው በኩል ይፈስ እንደ ነበርና የመጀመሪያው ዓሣ በስንት ሰዓት እንደ ነከሰልሽ አትርሺ፤ ለቀጣዩ ምሽት የሚሆነውን ቀን ከሰንጠረዡ ላይ አብረን እንመርጣለን።

አባትሽ