የሻንጣ ክፍያን የሚወስነው ትኬቱ ነው

ለአዘጋጁ፦

በመንገድ ላይ አየር መንገድ ለሚቀይሩ ተጓዦች ስለ ሻንጣ ክፍያ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ በጣም ተናድጃለሁ። ተጓዡ መጀመሪያ ለተሳፈረበት አየር መንገድ ከከፈለ በኋላ ስለ ሻንጣው እንደማያስብ ጽፋችኋል። ይህን አምኖ የሚነሳ ሰው መሀል መንገድ ላይ ጉድ ይሆናል።

ሁሉም በረራ በአንድ ትኬት ከተቆረጠ፣ ሻንጣው ከሚሰጥበት እስከሚወጣበት ድረስ የሚሠራው በአብዛኛው አንድ ደንብ ነው። የማን ደንብ? የተሳሳታችሁት እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡን የሚቀበለው ሻንጣውን መጀመሪያ የሚረከበው ነው፤ ዋጋውን የሚወስነው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። አያታ፣ ማለትም የአየር መንገዶቹ ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ ውሳኔ ቁጥር 302 የሚባል አሠራር አለው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። የአየር መንገዶቹ ደንብ ሲለያይ በአብዛኛው የዋናው አጓጓዥ ይጸናል ይላል። ከማድሪድ ፍራንክፈርት በአንዱ፣ ከፍራንክፈርት ቶኪዮ በሌላው ብትበሩ፣ ዋናው ከአህጉር አህጉር አሻግሮ ቶኪዮ የሚያደርሳችሁ ነው። አንደኛው አይደለም!

በጉዞው መጀመሪያ የሠራው ደንብ እስከ መጨረሻው ይዝለቅ የሚለው የአሜሪካ መንግሥት ነው። እሱም የትኬቱ መነሻ ወይም የመጨረሻ መድረሻ አሜሪካ ሲሆን ብቻ ነው። የአንድ አገርን ደንብ ለዓለም ሁሉ ማልበስ ዘገባ አይባልም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን እኛን ጭራሽ መርሳታችሁ ነው። ዋጋው ስለሚቀንስ ሁለት ትኬት ለየብቻ ገዝተን የምንበር ብዙ ነን። ለሁለተኛው አየር መንገድ እኛ ገና ጉዞ የጀመርን አዲስ መንገደኞች ነን። በመጀመሪያው የከፈልነው እዚያ አይቆጠርም። ብዙ ጊዜ ኢሚግሬሽን አልፎ ሻንጣን መውሰድ፣ እንደገና መሰለፍ፣ እንደገና ማስመዘን አለ። ለመግባት ቪዛ የሚጠይቅ አገር ከሆነማ ጣጣው ሌላ ነው።

እኔ ላይ ደርሷል። ሁለቱንም ትኬት የሸጠልኝ ኤጀንት «ሻንጣህ እስከ መጨረሻው ይሄዳል» አለኝ። ሻንጣዬ ላይ የታሰረው ወረቀት ግን የትራንዚቱን ኤርፖርት መለያ ሦስት ፊደላት ብቻ ይዞ ነበር። የመጀመሪያው 30 ኪሎ ፈቅዶልኝ ነበር፤ ሁለተኛው ከ23 ኪሎ በላይ ካለፈ ክፈል አለኝ። ካውንተሩ ፊት መሬት ላይ ተንበርክኬ ሻንጣዬን ከፈትኩ። ጫማ አወጣሁ፣ ጃኬት ደራርቤ ለበስኩ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ያየኛል። አልበቃም፣ ለቀረው ትርፍ ኪሎ ከፈልኩ። ሠራተኛዋን አልወቅስም፣ ደንቧን ነው የነገረችኝ። የምወቅሰው አጣርቶ ሳያውቅ «አታስብ» የሚለውን ነው። እናንተም ያንኑ ደገማችሁት።

እርማት አውጡ፤ ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን። ተጓዡ ከመክፈሉ በፊት የትኬት ቁጥሩ አንድ ይሁን ሁለት እንዲጠይቅ ንገሩት። ትኬቱ ላይ ከየበረራው ጎን የተፈቀደለት ሻንጣ በብዛት ወይም በኪሎ ተጽፎለታል፣ እሱንም እንዲያነብ ጻፉለት።

አንባቢያችሁ